የአያቴ ኦሪት

ያ ፕሮፌሰር መሞቱን ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። «የብራና መጻሕፍት ወዳጅ» ብለውታል። አላዘንኩም። ጋዜጣውን አንጥፌ የሱፍ ፍሬ ልጣጭ አራገፍኩበት።

አባቴ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ስንመጣ ሻንጣ አልነበረንም፤ እሳቸው ግን አያቴ በእጃቸው የጻፉትን የብራና ኦሪት በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። አፉላ ኢሊት የሚባል ሰፈር ከገባን በኋላ ፕሮፌሰሩ ቤታችን ይመላለስ ጀመር። ግዕዝ አዋቂ ነው፤ የእናቴን ዳቦ እየበላ አባቴን «አባ» ይላቸዋል።

«ብራናው እየተሰነጠቀ ነው። አስጠግኜ በወሩ እመልሳለሁ» አለ።

አባቴ አምነው ሰጡት። ወሩ ዓመት ሆነ። ስልክ ሲደውሉለት ማንሳቱን ተወ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ስማር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የየመኑም፣ የቡኻራውም፣ የሞሮኮውም አይሁድ ጽሑፍ እዚያ አለ፤ እያንዳንዱ ከማን እጅ እንደመጣ ተመዝግቦ። የግዕዙን ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ አንዱን አምጥታ ስትከፍተው የቤታችን የጭስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። መዝገቡ ላይ «የፕሮፌሰሩ ስጦታ» ይላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አያቴ በእጃቸው ስማቸውን ጽፈውበታል። ያችን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። አራት ወር ጠበቅሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ሰሞን ፕሮፌሰሩ በሰፈራችን ማትናስ፣ በሕዝብ ማዕከሉ አዳራሽ፣ ስለ ኢትዮጵያ ብራናዎች ሊናገር መጣ። አባቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጭብጨባው ሲያበቃ ተነሣሁ።

«ፕሮፌሰር፣ እስቲ ይችን ያንብቡልን።»

ወረቀቱን ፈገግ ብሎ ተቀበለ። «ይህን የጻፍኩ እኔ ቄስ ገብሩ...» ብሎ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይጨርሱት እንጂ!» አልኩ።

የጨረሱት አባቴ ናቸው፣ በቃላቸው፦ «...የሰረቀው የተረገመ ይሁን።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት «ሌባ!» ብለው ጮኹ፤ ሌላውም ተቀበላቸው። ፕሮፌሰሩ ካፖርቱን እንኳ ሳያነሣ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ቤተ መጻሕፍቱ ነገሩን ሲሰማ መዝገቡን በአያቴ ስም አስተካከለ። መጽሐፉን ውሰዱ ቢሏቸው አባቴ፣ «እዚያ እርጥበት አይነካውም» ብለው ተዉት። እኔን ግን ከዚያ ስንወጣ ደረጃው ላይ፣ «ልጄ፣ ሰው እንዲህ በአደባባይ አይዋረድም። ለብቻው ብትጠይቂው ይሻል ነበር» አሉኝ።

«እርስዎ ስንት ዓመት ለብቻው ጠየቁት እኮ፣ አባ!»

ነጠላቸውን አስተካክለው ደረጃውን ወረዱ።

ዛሬ ለልጆቼ ይቅርታን አስተምራለሁ። አባቴም ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም። ቢሆንም የዚያን ሰው ፊት ሳስታውስ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል። ዳግም ዕድሉን ባገኝ የምቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰፋ ያለ አዳራሽ እፈልጋለሁ።