መርዶው ደጃፍ ላይ ሳለ

ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ኃላፊያችን ጋሼ ውብሸት ከማዞሪያው ሰሌዳ ፊት አስቀምጠው ማዳመጫውን በእጃቸው አጠለቁልኝ። ሲደወል የደወለው መስመር ትንሽ ክዳን ከሰሌዳው ላይ ጠብ ትላለች፤ ገመዱን ትሰኪያለሽ፣ “ፍኖተ ሰላም” ትያለሽ፣ ከዚያ ሁለቱን ወገን ታገናኛለሽ። ትምህርቱ ይኸው ነበር። ሲጨርሱ፣ “ሙሉ፣ ጆሮሽ ይስማ፣ አፍሽ ይርሳ” አሉኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ስልክ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። የገጠር ሰው ከተፈለገ የጥሪ ወረቀት ጽፈን ለገበያተኛ እንሰጣለን። ገበያተኛው ያደርሳል፤ ይረሳልም።

በኋላ ቡሬ ተዛውሬ ብዙ ሠርቻለሁ። ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ በጆሮዬ አልፏል። ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን የሚወርረኝ ግን አንድ ነው።

ክረምት ነበር። ቅዳሜ ዕለት ስማቸው የሚባል የቀን ሠራተኛ ከባሕር ዳር ደወለ። ጓደኛው ይበልጣል ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል። “ከላህ ወንዝ ማዶ ያሉት እናቱ፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ማክሰኞ አራት ሰዓት ይቅረቡልኝ። ብቻ አታስደንግጧቸው” አለኝ። ወረቀቱን ጽፌ ላክሁ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ሆነ፤ እናትየዋ አልመጡም። ስማቸው ግን ደወለ። ድምፁን ስሰማ ገባኝ።

“አርፏል፣ እህቴ። የሆስፒታሉ ዘበኛ አሁን ነገረኝ። ለወገን አስታውቁልኝ።”

ለጋሼ ውብሸት ነገርኋቸው። በብጣሽ ወረቀት ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት። “መርዶ በስልክ ቤት አይነገርም። ሽማግሌ ይፈለጋል” አሉ። በዚያው ምሽት ዶፍ ወረደ፤ ላህን የሚሻገር ሰው ታጣ፤ የባሕር ዳር መስመር ተበጠሰ።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ጥሩወርቅ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ርሶ ገቡ። የጥሪ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋታል።

“ልጄ፣ ላህ ሞልቶ ሁለት ቀን ከዳር አስቀረኝ። ቀጠሮው እንዳለፈ አውቃለሁ። ያዘገየኝ እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ካዘገየ ምክንያት አለው።”

“እማማ፣ መስመሩ ተቋርጧል” አልሁ። እውነት ነበር። በመቋረጡም ደስ ብሎኝ ነበር።

“እጠብቃለሁ” ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ውብሸት ሽማግሌ ፍለጋ ወጡ። እኔ ከሴትዮዋ ጋር ቀረሁ።

“ምነው ፊትሽ ጠቆረ?”

“መስመሩ አስቸግሮኝ ነው፣ እማማ።”

“ተይው። ባለቤቱ ያውቅበታል።”

ልነግራቸው አፌን ስከፍት አንድ ነጋዴ ደምበጫን አገናኚኝ ብሎ ገባ። እሱን ሸኝቼ ደግሜ ዞርሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ተውሁት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ጋሼ ውብሸት ተመለሱ። ከኋላቸው የእማማ ጥሩወርቅ ዘመድ የሆኑ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እናትየዋ ሲያዩአቸው ከአግዳሚው ተነሡ።

“አባ፣ ምነው? ምን እግር ጣላችሁ?”

“ጥሩወርቅ፣ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ” አሉ ቄሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያን ጊዜ የባሕር ዳር ክዳን ጠብ አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅ ያልነበረው መስመር ነው። ገመዱን ሰካሁ።

“እህቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ስሞክር ነው!” ስማቸው ነበር። “ተሳስተናል! ዘበኛው ስም አቀያይሮብኝ ነው። የሞተው አብሮት የወደቀው ልጅ ነው። ይበልጣል እግሩ ነው የተሰበረ፤ ይኸው ከሆስፒታሉ ስልክ ዘንድ አጠገቤ ነው!”

ከወንበሬ ተነሣሁ። “አባ፣ ይቆዩ! እንዳይናገሩ!” ብዬ ጮኽሁ። በቄስ ላይ ስጮኽ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

እማማ ጥሩወርቅን ወደ መነጋገሪያው ክፍል አስገባኋቸው። ካገናኘሁ በኋላ የማዳመጫዬን ገመድ ነቅዬ ከመስመሩ መውጣት ነበረብኝ፤ አልነቀልሁም።

“እማ፣ አለሁ። እግሬ ብቻ ነው የተሰበረ።”

“እንዳለህማ አውቃለሁ፣ ልጄ። እግርህ እንዴት ነው?”

ቄሱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጋሼ ውብሸት መሳቢያውን ከፍተው ብጣሹን ወረቀት ቀደዱት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናትየዋ ሲወጡ ጋሼ ውብሸት ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ነገሯቸው። እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሩ።

“የሞተው ልጅ የማን ነው? የክርስትና ስሙን ጠይቂልኝ።”

መስመሩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ጠየቅሁ። ወልደ ሚካኤል ይባላል። እናቱ አዴት ናቸው፤ ገና አልሰሙም።

“አባ፣ ስሙን በቅዳሴ ያንሡልኝ” አሉ። “የኔን ተወልኝ፤ የሷን ወሰደ። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ብቻ ብሄድ ነውር ነው።”

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ስለ ሁለቱ እናቶች ሳስብ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ዛሬም አልተፈታልኝም።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የሞት ወሬ ከሁለተኛ ሰው ሳላጣራ አላሳለፍሁም። መስመር ሲበጠስም መቆጣት ተውሁ። ኦፕሬተር የተከፈተውን መስመር ያገናኛል እንጂ የሚከፈትበትን ሰዓት አይወስንም።