በግድግዳው ማዶ የተገለጠ ብራና

የብርጓል ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከመክፈቷ በፊት ከጎኗ ያለውን ግድግዳ በጣቷ ጫፍ ኳ ኳ ታደርጋለች። ከማዶ የሚመልስ የለም። ክፍሉ ዛሬ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ነው። ያኔ ግን፣ ገና ከሉማሜ ከእናቷ ሻይ ቤት ወጥታ በደብረ ማርቆስ በአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት በተቀጠረችበት ዘመን፣ ትልቁ ስካነር እዚያ ነበር። ወረቀቱ ወዲያኛው ክፍል መስተዋት ላይ ይተኛል፤ ምስሉ በኔትዎርክ ሽቦ ተጉዞ እሷ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ከማዶ ያለው ሰው አስተካክሎ ሲጨርስ ግድግዳውን ያንኳኳል፤ ምስሉ ሲደርስ እሷ መልሳ ታንኳኳለች።

በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የቅኔው መምህር የኔታ ገብረ ኪዳን የአጥቢያቸውን የብራና ተአምረ ማርያም በነጠላ ጠቅልለው ከቁይ ወዲያ መጡ። ብራናውን እርጥበት እየበላው ነበር። ካህናቱ ቅጂ እንዲነሣለት የፈቀዱት በስንት ልመና ነው፤ ያውም ከእሳቸው እጅ ሳይወጣ፣ በዚያው ቀን እንዲመለስ። የቁይ አውቶብስ ደግሞ በስምንት ሰዓት ይነሳል። ዳግመኛ እንደማይፈቀድ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኮምፒውተሩ «ስካነሩ አልተገኘም» አለ። የብርጓል ወደ ማዶ ሮጠች። ማሽኑ በርቷል። ዘበኛው ጋሽ እንዳላማው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ነክተውታል እንዴ?»

«ነቀልኩት እንጂ! ሌሊት ያ ሁሉ ነጎድጓድ እያለ ዝም ልበል? የኔትዎርኩን ሳጥንም ማሽኑንም ነቅዬ አሁን ጠዋት መልሼ ሰካሁ። ከመብረቅ አዳንኩልሽ፤ ምርቃቱ የታለ?»

«አንተ ካዳንከው ታዲያ ማን ገደለው?» አሉ የኔታ፣ ብራናውን እንዳቀፉ።

የብርጓል አልሳቀችም። ነገሩ ግን ገባት። ማሽኑ ተነቅሎ ሲሰካ የኔትዎርክ ሳጥኑ ሌላ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ኮምፒውተሩ አሁንም በአሮጌው አድራሻ ነው የሚፈልገው፤ ቤት የቀየረን ሰው የድሮ በሩ ላይ ቆሞ እንደ መጥራት። አዲሱን ቁጥር ከማሽኑ ትንሽ መስኮት ላይ አይታ መዳፏ ላይ ጻፈች። ተመልሳ አስገባችው። ስትቸኩል አንዱን አኃዝ ሳተች፤ አጥፍታ እንደገና ጻፈች።

ከማዶ ተንኳኳ። ትእዛዙን ሰጠች። የመጀመሪያው ቅጠል ጥቁርና ቀይ ሆኖ ስክሪኗ ላይ ወረደ።

«ደረሰ፣ የኔታ!»

«ይበል!» አሉ ከማዶ፣ ጥሩ ቅኔ እንደ ሰማ ሰው።

ምሳም አልበሉ። እሳቸው ለማንም ሳያስነኩ በገዛ እጃቸው እየገለጡ፣ ጋሽ እንዳላማው ክዳኑን እየያዙ፣ «ደረሰ!» «ይበል!» እንደተባባሉ ብራናው አለቀ።

«ልጄ፣ እኔ ባልኖርም ይነበባል ማለት ነው?»

«ይነበባል፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ልሩጥ፣ ሹፌሩ መምህር አይል ምን አይል።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የብርጓል የማሽኑ ቁጥር ዳግመኛ እንዳይለወጥ አድርጋ አሰረችው። ጋሽ እንዳላማውም ክረምቱን እንደ ልባቸው ነቀሉ። የኔታ በዓመቱ አረፉ። ዛሬ አዲሱ ስካነር ጠረጴዛዋ ላይ ስለሆነ ከማዶ ማንንም መጥራት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ስታወራኝ አንዲት ነገር ብቻ እንዳትጻፍባት ለምናኛለች፤ «አለቃዬ ከሰማ ቁረጪው ይለኛል» ብላ። ከቅጠሎቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ የየኔታ አውራ ጣት አብሮ ተነሥቷል፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ ቀለም የነካው። ከምስሎቹ ላይ ሌላውን እድፍ ሁሉ ስታጸዳ እሱን አልነካችውም።