የዊልፍሬድ ዘጠነኛ ደንብ

ዊልፍሬድ ሃርግሬቭ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የተከፈለው ጉድለት ለመፈለግ ነው። በሱፍ ፋብሪካው የመጨረሻ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ጨርቁ እየተንሸራተተ ሲያልፍ የተበጠሰች ክርና የዘይት ጠብታ እየለቀመ በጠመኔ ምልክት ያደርግ ነበር። አንዲት ክር አመለጠችው ብሎ የሚናገር ሰው በመንደራችን በሃርስዌል አታገኙም። ችግሩ ከሥራ ሲወጣ ያንን ዓይኑን ፋብሪካው ውስጥ ትቶት አለመውጣቱ ነው። ሚስቱ ዶሪን መጋረጃ ስትሰቅል ወንበር ላይ ተቀምጦ "በግራ በኩል ግማሽ ጣት ዝቅ ብሏል" ይላታል። ዶሪን ምን ብላ እንደምትመልስለት እኔ አልጽፈውም።

እንዲህ ያለ ሰው የክሪኬት ደንብ አውጪ ቢሆን ምን ይገርማል።

ትልቁ ክሪኬት ጊዜ ለተረፈው ሰው የተፈጠረ ጨዋታ ነው፤ አምስት ቀን ተጫውተው ማንም ሳያሸንፍ ተጨባብጠው የሚለያዩበት ጊዜ አለ። የሃርስዌል ሰው ግን በበጋው፣ እኛ አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይጨልምበታል፣ በመሀሉ ደግሞ መጠጥ ቤቱ አለ። ስለዚህ ጨዋታው ተቆረጠ። አሥራ አንዱ ተጫዋች ስምንት ሆነ። ለየቡድኑ አሥራ ሁለት ዙር፣ በየዙሩ ስድስት ውርወራ። መቺው ከሚጠብቃቸው ሦስት እንጨቶች ኋላ ቆሞ ኳስ ከሚለቅመው በቀር፣ ቻለም አልቻለም፣ ሁሉም ይወረውራል። ሀያ አምስት ነጥብ ያስቆጠረ መቺ "ይበቃሃል" ተብሎ በክብር ይወጣና ተራውን ለሌላው ይለቃል። ሁሉም ነገር ተቆረጠ፤ በመሀል የሚጠጣው ሻይ ብቻ አልተነካም። አርባ ደቂቃ ነበር፣ አርባ ደቂቃ ሆኖ ቀረ። እሱንም እናሳጥረው ያለ አንድ ሰው ነበር ይባላል፤ አሁን የሚኖረው ሌላ መንደር ነው።

ዊልፍሬድ መጀመሪያ ስድስት ደንብ በአንድ ወረቀት ጻፈ። ከዚያ በየክረምቱ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጠ ጨመረበት። ኳሷን ውሻ አፉ ውስጥ ቢያስገባት መቺዎቹ ነጥብ ለማግኘት እስከ መቼ ይሮጣሉ? ደንብ አሥራ ሰባት። እበት ውስጥ የተቀበረች ኳስ ጠፋች ይባላል ወይስ ተገኘች? ደንብ ሀያ ስድስት፤ "የሚያወጣት ሰው ከተገኘ ተገኘች" ይላል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደንቡ አርባ ሰባት ደረሰ። መጽሐፏን ዝናብ እንዳይነካት በፕላስቲክ ጠቅልሎ የኋላ ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞራል።

ከአርባ ሰባቱ አንዷ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደንብ ሳትሆን ቂም ናት። ዘጠነኛዋ ናት። ባሪ ስታንስፊልድ የሚባል ከብት ነጋዴ አለ፤ ድምፁ ወፍራም፣ ክንዱ ከድምፁ የወፈረ፣ የመንደሩ አንደኛ መቺ። አንድ ሰኔ ማታ ሁለት ተከፍለው፣ በሀያ አምስት "ይበቃሃል" የማይባልበት ልምምድ ሲጫወቱ የዊልፍሬድ የመወርወር ተራ ደረሰ። ባሪም ያንን ዙር አንድ ሳያስቀር፣ ስድስቱንም ኳስ፣ ከሜዳው አጥር ማዶ ወይዘሮ ፐርኪስ ጓሮ ውስጥ ከተተለት። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዶሪንም ሳቀች፤ የበለጠ የቆረቆረው ይሄ ነው። እስከዚያ ድረስ አጥር ያለፈች ኳስ ሁሉ ስድስት ነጥብ ነበረች፤ በዚያው ክረምት ደንብ ዘጠኝ ወጣ፦ "ኳስ ወይዘሮ ፐርኪስ ጓሮ ያስገባ መቺ ነጥብ የለውም፤ ራሱም ተቃጥሏል።" ምክንያቱ የሴትዮዋ ኪያር የሚበቅልበት የመስታወት ቤት ነው ተባለ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ አጸደቀው። ማን ላይ እንደተጻፈ ግን ላሞቹም ያውቁ ነበር። ባሪ ከዚያ ወዲህ በደንብ ዘጠኝ አሥራ አንድ ጊዜ ተቃጥሏል፤ ዊልፍሬድ አሥራ አንዱንም ቀን በቃሉ ያውቃቸዋል።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንምጣ፤ የሰውየው ሕመም ያለው እዚያ ነው። ሻይ የሚጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ሀያ አምስት አስቆጥሮ በክብር የወጣ ሰው ሁሉ ስሙ በነጭ ቀለም ይሰፍርበታል። የሚጽፈው ዊልፍሬድ ነው፤ አባቱ የሱቅ ስም ጻፊ ስለነበሩ ሙያውን እጁ ላይ ጥለውለታል። በየጥቅምቱ መሰላል ላይ ወጥቶ የሰው ስም ይጽፋል። የባሪን ዘጠኝ ጊዜ ጽፏል። የሥጋ ሻጩን ጽፏል። ሰባት ስምንት ዓመት ብቻ የተጫወተውን ቄስ ሁለት ጊዜ ጽፏል። የራሱን አንድም ቀን አልጻፈም። በዕድሜው ያስቆጠረው ትልቁ ነጥብ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ በዚያም ላይ አራቱ የውሻው ናቸው።

በዚህ ዓመት ደግሞ ሐኪሙ "ጉልበትህን መስከረም ላይ ቀደን በብረት እንተካዋለን፤ ከዚያ በኋላ ክሪኬትን ቁጭ ብለህ ነው የምታያት" ብሎታል። ስለዚህ የቀረችው ይህችው አንድ በጋ ናት። ነሐሴ ሲጋመስ ከክሬይክቤክ መንደር ጋር የመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ፤ የቀረችውም አንድ ማታ ሆነች። ለማንም አልተነፈሰም። ዶሪን ግን ጠዋት ነጭ ሱሪውን እንጥፍጣፊ ቆሻሻ እንኳን ሳትተው አጥባ፣ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተኩሳ ሰጠችው።

ሃርስዌል ቀድሞ መታ። ዊልፍሬድ ሁልጊዜ ተራው መጨረሻ ነው፤ ያን ቀን ግን አራት ሰዎች ዝናብ ሳይመጣ ድርቆሽ እንሰብስብ ብለው ስለዘገዩ አራተኛ ሆኖ ገባ። አመታቱን ብታዩት ዓይናችሁን ታዞሩ ነበር። ሸርተት፣ ነካ፣ አንከስ አንከስ እያለ አንዲት ነጥብ። የክሬይክቤክ ሰዎች ቢይዟት የሚቃጠልባትን ኳስ ይጥሉለታል፣ በእግራቸው መሀል ያሳልፉለታል። አሥራ ዘጠኝን አለፈ። ሀያ አንድ። ሀያ ሦስት። የመጨረሻው ዙር የመጨረሻዋ ውርወራ ቀረች፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዳኛው ባሪ ነበር። እኛ ዘንድ ሌላ ዳኛ የለም፤ ከሚመታው ቡድን ተራውን የጨረሰ ሰው ነጭ ካፖርቱን ደርቦ ለገዛ ጓደኞቹ ይዳኛል። ባሪም በሦስት ኳስ ተቃጥሎ፣ ካፖርቱ አልዘጋ ብሎት፣ ሆዱን አስቀድሞ ቆሟል።

ኳሷ መጣች። ዊልፍሬድ ዓይኑን ጨፈነ ይላሉ፤ እሱ ግን "ገልጬ ነበር" ይላል። ሲመታት እስከ ክርኑ ድረስ ምንም አልተሰማውም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ መትቶ አያውቅም። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ አጥሩን ዘላ ማዶ ወረደች። ከዚያ መስታወት ተሰበረ።

ዊልፍሬድ መምቻውን ብብቱ ሥር ከቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ተቃጥሎ እንደወጣ ሰው ወደ ሻይ መጠጫው ቤት መንገድ ጀመረ። አምስት እርምጃ እንደሄደ ዞር ሲል ባሪ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። አንድ ጣት ቢሆን ተቃጠለ ማለት ነው፤ ሁለት እጅ ስድስት ነጥብ ነው።

"ባሪ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ስድስት። ሀያ ዘጠኝ ሆነሃል። በክብር ውጣ።"

"ወይዘሮ ፐርኪስ ጓሮ ገብታለች እኮ። ደንብ ዘጠኝ።"

"አላየሁም።"

"መስታወቱ ሲሰበርስ አልሰማህም?"

"ጆሮዬ ከባድ ነው። አንተው አይደለህ እንዴ ስትለኝ የኖርከው?"

በዚህ መሀል ወይዘሮ ፐርኪስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው ኳሷን፣ በሌላው የተሰበረ ኪያር ይዘዋል። "ማነው ይሄን ያደረገው? ባሪ፣ አንተ ነህ አይደል?"

"ዊልፍሬድ ነው፣ ወይዘሮ ፐርኪስ" አላቸው ሥጋ ሻጩ።

ሴትዮዋ ዊልፍሬድን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ሂድ እዚያ። እሱ ኳስ እዚህ ድረስ ሊያደርስ?"

ዊልፍሬድ መጽሐፏን ከኪሱ አውጥቶ ፕላስቲኩን ፈታ። ሀያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ላይ የጫናትን ደንብ ዛሬ በእሱ ሲደርስ ቢዘላት፣ ያ ሁሉ ክረምት የጻፈው ነገር ምን ሊባል ነው? "ተቃጥያለሁ" አለ። "እዚህ ተጽፏል፤ ላንብብልህ።"

የክሬይክቤክ አለቃ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው "በእኛ በኩል ተቃውሞ የለም፤ ስድስት ብትሆን ደስ ይለናል" አሉ።

"አንተ ዝም በል" አላቸው ዊልፍሬድ፤ ሰውየውን በአንተ ሲጠራቸው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ባላጋራዎቹ አላቃጠልንህም ይሉታል፣ እሱ ተቃጥያለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ሙግት የትም አልተሰማም።

ባሪ ቀስ ብሎ መጣና ትልቁን ጣቱን መጽሐፏ ላይ አሳረፈ። "ዘጠኝን ተዋት። ገልብጠህ አንደኛዋን አንብብልኝ።"

ዊልፍሬድ አልገለበጠም፤ በቃሉ ያውቃታል። ደንብ አንድ፦ "የዳኛው ቃል የመጨረሻ ነው። የተከራከረ ሻይ አይቀርብለትም።"

"እንግዲህ" አለ ባሪ፣ "ሀያ ዘጠኝ ነህ። ሻይም የለህም።"

አርባ ደቂቃ ሙሉ ዊልፍሬድ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ ሲበሉ አየ። ዶሪን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በሰሃን ደርድራ በፊቱ አለፈች።

"ዶሪን፣ አንዲት ኬክ እንኳን።"

"ሠላሳ ዓመት ያቺን መጽሐፍ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ኖረሃል" አለችው። "አሁን እሷን ብላት።" ግን ስትመለስ ትከሻውን በእጇ ጫን አድርጋ አለፈች፤ ይህን ያየ ሰው የለም ብላ ነው።

ሃርስዌል ያን ማታ ተሸነፈ፤ ማንም አላስታወሰውም።

ጥቅምት ገባ። ዊልፍሬድ በብረት ጉልበቱ፣ በሁለት ከዘራ፣ ቀለሙን ይዞ ሄደ። የዓመቱ ስሞች አምስት ናቸው፤ አራቱን ሊጽፍ ወስኗል። ባሪ ቢዋሽ ኳሷ የወደቀችበትን ቦታ አይቀይራትም ብሎ ሦስት ሳምንት አብሰልስሎ የደረሰበት ውሳኔ ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በሩን ሲከፍት ሰሌዳው ላይ አንድ ስም ቀድሞ ተጽፎ አገኘ። ቀለሙ ነጭ አይደለም፤ የከብት በረት በር የሚቀባበት አረንጓዴ ነው። ፊደሎቹ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ የመጨረሻው ቦታ አጥቶ ጠርዙ ላይ ተጣብቋል፣ ከብሩሹ የተረጨች ጠብታ ከላይ ያለው የቄሱ ስም ላይ አርፋለች። ዊ. ሃርግሬቭ፣ 29።

ደንብ ሠላሳ አንድ "በሰሌዳው ላይ ከደንብ ጠባቂው በቀር ማንም አይጽፍም" ይላል። ዊልፍሬድ አንድ ጨርቅ ቀለም የሚያስለቅቅ ተርፔንታይን ውስጥ ነከረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጉድለት የለቀመ ዓይን ይህን ዓይቶ ዝም ሊል አይችልም። ጨርቁን ይዞ ቆመ። በጣም ቆየ። ከዚያ የቄሱ ስም ላይ ያረፈችውን ጠብታ ብቻ ጠርጎ፣ አራቱን ስሞች በነጭ ቀለም፣ በተስተካከለ ፊደል፣ ከአረንጓዴው በታች ጻፋቸው።

ማታ ወጥ ቤት ተቀምጦ መጽሐፏን ሲገልጥ ዶሪን ከምድጃው ዞር አለች።

"ደግሞ ማንን ልታስርበት ነው?"

"ማንንም" አለ። ደንብ ዘጠኝን በማስመሪያ ሰረዛት። ከሥር አርባ ስምንተኛዋን ጻፈ፦ "በሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈ ስም፣ የማንም እጅ ቢጽፈው፣ በምንም ቀለም ቢሆን፣ አይጠፋም፤ አይስተካከልምም።"

በኅዳሩ ስብሰባ ደንቧ ቀረበች። ለማጽደቅ እጅ ወጣ። የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ባሪ፤ እሱ ደንብ የሚባል ነገር አይወድም።