የድልድዩ አራት ጠባቂዎች

የያዙኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከቤት ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ። ብብቴ ሥር ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ደብተር ነበር። ጨዋታ ነው። ደብረ ማርቆስ አብሮን ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ሲሄድ የደንቡን መጽሐፍ ትቶልኝ ነበር። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ ሰይፈኛ፣ ፈዋሽ፣ ጠንቋይ፣ ሌባ እየሆኑ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በወሬ ብቻ አገር ያቋርጣሉ። የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ፣ በየገጹ ነጥብ ያለበት ትንሽ መወርወሪያ፣ ይወስናል። ያን ዕለት ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር አዲስ ታሪክ ልንጀምር ነበር። ከጉጉቴ የተነሳ ምሳ እንኳ አልበላሁም።

ጣቢያ ሲያደርሱኝ መርማሪው ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አምስቱ ቅዳሜ ይነሳሉ። የድልድዩ ጠባቂዎች አራት ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ሳይነጋ ይያዛል።»

ምርጫው ካለፈ ገና ወር አልሞላውም። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነገር እኔንም አስደነገጠኝ።

«ጨዋታ ነው» አልኩ።

«ድልድዩ የት ነው?»

«የለም፤ ፈጠራ ነው።»

«አምስቱስ? እነሱም ፈጠራ ናቸው?»

ጎንበስ ብዬ ያልጨረስኩትን የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

«እስከ ሰኞ ጠዋት አስብበት» አለ። «አምስት ስም ትሰጠኛለህ።»

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው አሁንም ጤፍ ጤፍ ይሸታል። እኔ ጀግና አይደለሁም። መርፌ ሲወጉኝ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ከአምስቱ አንዷ የአራት ወር ሕፃን ታጠባለች፤ ልጇን አዝላ ልትመጣ ነበር። ቢመቱኝ መጀመሪያ የማን ስም እንደሚያመልጠኝ ደጋግሜ አሰብኩ።

ጥግ ላይ ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ተቀምጠው ነበር። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የጨዋታውን ደንብ አንዴ ሰምተው ሳያዛንፉ በቃላቸው መልሰው ወጡልኝ።

«ታዲያ ጀምረዋ» አሉ።

«የኔታ፣ የታሰርኩት እኮ በዚሁ ነው!»

«ከታሰርክ ወዲያ ደግሞ ምን ያስፈራሃል?»

እሑድ ከምሳ በኋላ የዳቦ ፍርፋሪ በምራቅ ለውሰን ዳይስ ሠራን፤ ነጥቦቹን በክብሪት ከሰል አደረግን። አንድ የደምበጫ ፈረስ ነጋዴ ሰይፈኛ ሆነ። ሁለት ተማሪዎች ቀስተኛና ፈዋሽ፣ አንድ የግብርና ሠራተኛ ደግሞ ጠንቋይ ሆኑ። ጠንቋይነቱን አስቀድሜ ለየኔታ ሰጥቼ ነበር።

«በል ተወኝ! ሳልሆንም ጠንቋይ ነው ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ሌባ ልሁን» አሉ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሰይፈኛው ውጊያውን ትቶ የጠባቂዎቹን ፈረሶች ጥርስ ልይ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ቁልፍ ተንኳኳ። የኔታ ዳይሱን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ዘበኛው ፊት ዝም ብለው አላመጡት። በሩ ሲዘጋ ሌላ ዳይስ ለወስን።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አምስቱን ስም።»

አንድ ስም ምላሴ ላይ ነበር፤ የማን እንደሆነ እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የኔታ መቋሚያቸው ስለሌለ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሌባው እኔ ነኝ። ጻፍ» አሉና ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ።

ፈረስ ነጋዴው ተነሣ። «ሰይፈኛው እኔ።» ሦስቱም ተከተሉ።

«እነዚህ ናቸው የሚጫወቱት?» አለኝ መርማሪው።

«እነዚህ ናቸው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

አምስቱንም ጻፈ። አምኖ ይሁን ሰልችቶት አላውቅም፤ ዳግመኛ ስም አልጠየቀኝም። እኔ በአራተኛው ወር ተፈታሁ። የኔታ ግን ከእኔ በኋላም ብዙ ቆዩ። በዚያ ዝርዝር ምክንያት ይሆን እያልኩ ዛሬም እብሰለሰላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ያንኑ ታሪክ ከባልደረቦቼ ጋር ጀመርነው። ያኔ የምትጠባው ሕፃን አድጋ አጠገባችን ተቀመጠች፤ ሌባውን ስጡኝ አለች።

«ባለቤት አለው» አልኳት።