ያልተከራከረው ደንበኛ

የኮልፌው ምንጣፍ ነጋዴ ሐጂ ሰዓድ በዋጋ ክርክር ተሸንፈው አያውቁም። እሳቸው ዋጋ ሲጠሩ አየር ጤና ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ሳይቀር ይደነግጣል ይባላል። ስለዚህ ሻይ ቤት ውስጥ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሰውን ሁሉ ሥራ ሊወስድ ነው ሲባል ሳቁ።

"ይምጣና ከእኔ ጋር ይከራከር!"

ይህን የሰማች ልጃቸው ሰልዋ በማግስቱ አማርኛ የሚናገር አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተጫነበትን ስልኳን ሱቃቸው ውስጥ ደቀነችባቸው። "በል አባ፣ ገዢው እሱ ነው።"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው የአንዱን ምንጣፍ ዋጋ እጥፍ አድርገው ጠሩ። መሐላቸውን አዘጋጅተው ሲጠብቁ ስልኩ፣ "በጣም ተመጣጣኝ ዋጋ ነው፤ እስማማለሁ" አለ።

ሐጂ ክው አሉ። በመጀመሪያ ዋጋ የተስማማ ገዢ ስለ ምንጣፉ እሳቸው የማያውቁትን ነገር ያውቃል ማለት ነው! ምንጣፉን ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ።

"ውድ ነው በል እንጂ!" ብለው ስልኩ ላይ ጮኹ።

"ይቅርታ፣ ልክ ነዎት። ውድ ነው።"

"ታዲያ ስንት ትከፍላለህ?"

"እርስዎ ያሉትን።"

ማሸነፋቸው ይሁን መሸነፋቸው ግራ ገባቸው። ምንጣፉን ጠቅልለው ላዩ ላይ ጉብ አሉ። "አልሸጥም! አርክሼዋለሁ!"

ሰልዋ በሳቅ ስትፈርስ ጎረቤታቸው እማማ ሃፊዛ ገቡና የዚያኑ ምንጣፍ ዋጋ ጠየቁ። ሐጂ ፈራ ተባ እያሉ ነገሯቸው።

"ምን? ለዚህ ጆንያ? ሱቁንም መርቀው ነው የሚሸጡልኝ?"

የሐጂ ፊት እንደ አዲስ ሙሽራ በራ።

"ይቀመጡ እናቴ፣ ይቀመጡ! ሰልዋ፣ ያንን ስልክ አጥፊውና ሻይ አምጪ!"