ጨምሩልኝ ማለት

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፣ ሒሳብ ላይ ፈጣን ናት። ሌሎቹ ገና እርሳስ ሲቀርጹ እሷ ገጹን ጨርሳ መስኮት መስኮቱን ታያለች። አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ሦስት ሆነን በምንኖርባት በሀደራ ከተማ፣ ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ድንገት፣ እንደ ልማዷ አማርኛውን ከዚህ ሀገር ቋንቋ ጋር እየቀላቀለች ጠየቀችኝ።

"ኢማ፣ ለሞራ፣ ለመምህሬ፣ ልንገራት? ሄሽቦኑ፣ ሒሳቡ፣ ካል ነው፣ በጣም ቀላል። የሚከብድ ስጪኝ ልበላት?"

አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"ነውር ነው ልጄ። መምህር ያውቃል፤ የሚገባሽን ራሱ አይቶ ይሰጥሻል። ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጠሽ ወጥ ጨምሩልኝ ትያለሽ እንዴ?"

ደሜ ፈላ። አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ ይህችን ንግግር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ያደግኩት በእሷ ነው።

ከሀገር ስንወጣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነበር። እዚህ ሦስተኛ ክፍል ስደርስ፣ መምህር ሲያናግረኝ በቤታችን እንደተማርኩት መሬት መሬቱን አያለሁ፤ ሳይጠይቁኝም ትንፍሽ አልልም። ጨዋነቴን አለማወቅ አድርገው አዩት መሰለኝ፣ ከጥቂት የእኛ ሀገር ልጆች ጋር እያስወጡ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለች ትንሽ ክፍል ይወስዱኝ ጀመር። እዚያ የሚሰጡን አንደኛ ክፍል ሳለሁ የጨረስኩትን መደመር ነበር። የደካሞች ክፍል መሆኗን በመጀመሪያው ቀን አወቅኩ።

አባቴ ግን "ለብቻዋ ወስደን እናስተምራታለን" ሲባሉ እንደ ትልቅ ክብር ነው የወሰዱት። እሳቸው ባደጉበት ቦታ አንድ ልጅ ከመሀል ተጠርቶ ለብቻው የሚማረው ጭንቅላት ሲኖረው ነው። ዓርብ ዓርብ ገበያ ሽንኩርት እየመረጡ ላገኙት ሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። "ልጄን መረጧት!" ይላሉ። እኔ ፌስታሉን ይዤ አጠገባቸው ዝም። ከፋብሪካ ደክመው ሲመጡ ፊታቸው የሚፈታው በዚህ ወሬ ነበርና ምን ብዬ ልንገራቸው? መምህሬንም አልጠየቅኩ፣ ለአባቴም አልነገርኩ። ያ ዓመት እንዲሁ አለፈ፤ የሚቀጥለውም። አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

ይህን ሁሉ እዚያው ባሕር ዛፉ ሥር ልዘረግፈው ምንም አልቀረኝም። ልጄ ግን ሳባ የምትላቸውን አያቷን ትክ ብላ አየቻቸውና፣

"ሳባ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም" አለች።

በድፍረት አይደለም ያለችው፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። የተወለደችው እዚሁ ሀደራ ነው። አባቴ ከዘራቸውን ደጋግመው አሻሹ።

"እንግዲያው በሥርዓት ቆመሽ ጠይቂ" አሏት በመጨረሻ።

ጠየቀች። መምህርቷም ደስ ብሏት ከትልልቆቹ ልጆች ሒሳብ ሰጠቻት። በዚያው ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄን ናሕሊኤል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ጽፋ አጥፍታ፣ ጽፋ አጥፍታ ወረቀቱ ሳስቷል። ታለቅሳለች። ከትምህርት ቤት ያመጧት አባቴ አጠገቧ ተቀምጠው ጭንቅ ብሏቸዋል።

"ተይው በያት እንጂ" አሉኝ። "በሒሳብ እንዲህ ይለቀሳል? ምን በወጣት!"

"አልተውም! ልጨርሰው ነው" አለች ልጄ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና አቀረቀረች።

አባቴ ትንሽ አዩዋትና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ፣ ያኔ ተመርጠሽ ስትማሪ እንዲህ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? እኔ ትዝ አይለኝም።"

መዋሸት እችል ነበር። ስንት ዓመት የያዝኩት ነገር ነው። ግን የልጄን እርጥብ ፊት እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

"አላለቀስኩም አባ። እዚያች ክፍል የሚያስለቅስ ሒሳብ አልነበረም።"

ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ላይ አየሁት። ለምን አልነገርሽኝም ብለው አልጠየቁኝም። ያ ሁሉ የገበያ ወሬ ትዝ እንዳላቸው ግን አወቅኩ፣ ምክንያቱም እኔን ማየት አቅቷቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ላጲስ አነሡ። ወንበራቸውን ወደ ልጄ አስጠጉና ላጲሱን ሰጧት።

"ይህን ስትጨርሺ፣" አሏት፣ "ነገም ጨምሩልኝ በያቸው።"