ቀዳዳ የሌለው ነጭ የአበባ ዕቃ

ሽማግሌው ነጋዴ ነግረውኛል። ማንም አልነገረኝም ብል ውሸት ነው። ሱቃቸው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ ያለ፣ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ጀሪካኑ እስከ ኮርኒስ የተደረደረበት የፕላስቲክ ዕቃ ቤት ነው። የአበባ መትከያ እንደምፈልግ ስነግራቸው ቀለሙንም መጠኑንም ሳይጠይቁኝ፣

«ቀዳዳ ያለው ነው የሌለው?» አሉኝ።

«ልዩነት አለው እንዴ?»

ሁለቱንም አውርደው ባንኮኒው ላይ አቆሙልኝ። ቀዳዳ ያለው ጥቁር ነው። ታቹ እንደ ወንፊት ተበስቶ ከሥሩ ሳህን አለው፤ የተረፈው ውሃ ሳህኑ ላይ ይወርዳል፣ ሲሞላ ይደፋል። ሌላው ነጭ፣ ትልቅ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ መስመር የዞረበት ነው። ታቹ ድፍን ነው። ዓይኔ ነጩ ላይ ቀረ።

«እሱ ለዓይን ነው የተሠራው፤» አሉኝ። «አበባ ሥሩ አየር ይፈልጋል ልጄ። ውሃው መውጫ ካጣ ይበሰብሳል። ከወደድሽው ብረት አግዬ ሦስት አራት ቦታ ልብሳልሽ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ይተዉት፣ አይብሱት። የማስቀምጠው ሳሎን ነው፤ ምንጣፍ ያበላሽብኛል።»

«እንግዲያው ጥቁሩን ከነሳህኑ ውሰጃ።»

«በሽተኛ ላለበት ቤት ጥቁር አልገዛም!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሽማግሌው ክፉ አልመለሱልኝም። ነጩን በጋዜጣ ጠቅልለው እየሰጡኝ፣ «እግዜር ይማርልሽ» አሉኝ። ከዕቃው ጋር ለላዩ ማስጌጫ የሚሆን አንድ ከረጢት ነጫጭ ጠጠርም ገዛሁ።

በሽተኛዋ እናቴ ናት። ወሎ ተወልዳ ፒያሳ ያረጀች ሴት ናት። ከእሷ ጋር የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ፤ አላገባሁም፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስመዘግብ ውዬ ማታ ወደ እሷ እገባለሁ። ከእኛ በላይ ያለው ሰፈር ሲፈርስ የእድሜ ልክ ጎረቤቶቿ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። የእኛ ሁለት ክፍል ቤት እንዴት እንደተረፈች እንጃ፣ ተረፈች። በረንዳው ላይ እናቴ በዱቄት ወተት ጣሳ ያሳደገቻት ተክል ነበረች። አበባዬ ትላታለች፤ በልማድ ነው እንጂ አብባ አታውቅም። ቅጠሏ እንደ ጎራዴ ሽቅብ የቆመ፣ ዳርዳሩ ቢጫ ነው። ጣሳውን እናቴ ራሷ በምስማርና በድንጋይ በስታዋለች። ከሰፈሩ የለቀቀ ጎረቤት ሁሉ ከእሷ ተገንጥሎ ተሰጥቶት ነው የሄደው።

ከዚያ ኩላሊቷ ደከመ። ልቧም ስለደከመ የኩላሊት እጥበቱን አትችለውም ተባልን። የቀረላት መድኃኒትና ልክ ነው፤ ሻይም ሾርባም ተደምሮ በቀን ግማሽ ሊትር። ሐኪሙ፣ «ከዚያ ያለፈው ውሃ መውጫ የለውም፤ መጀመሪያ እግራቸው ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባቸው ላይ ይቀመጣል» አለኝ። መውጫ የሚለውን ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለት ሰው ሰማሁ። የሐኪሙን አጥብቄ ያዝኩት፣ የነጋዴውን ሱቁ በር ላይ ጣልኩት።

ጠዋት ጠዋት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ ራስጌዋ አስቀምጣለሁ። የቀኑ ድርሻዋ እሱ ነው። እናቴ ስታማርር የምታውቅ ሴት አይደለችም፤ ጥሙ ግን አሸነፋት። አንድ ቀን ባዶውን ጠርሙስ እያገላበጠች፣ «ረመዳን እንኳ መግሪብ አለው። የእኔ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» አለችኝ። ስቄ ላልፈው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም።

መራመድ ሲያቅታት አልጋዋን ሳሎን አደረግነው፤ ጠያቂ የሚቀበሉት እዚያ ነውና። «አበባዬን አምጪልኝ፣ በረንዳ ወጥቼ ላያት አልቻልኩም» አለችኝ። ጣሳውን ባስገባው በዝገቱ ቀይ ክብ ምንጣፉ ላይ አተመ፣ ከቀዳዳውም ጭቃ ውሃ ወረደ። ጠያቂዎቹ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ርቀት በሁለት ታክሲ የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ቤታቸው አዲስ፣ ወለላቸው ሴራሚክ ነው። እናቷን በዝገት መሃል አስተኝታለች እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ነጩን ዕቃ የገዛሁት ለዚህ ነው እንጂ ለአበባዋ አይደለም።

ታቹ ላይ ድንጋይ ደለደልኩ፤ ውሃውን ድንጋዩ ይችለዋል ብዬ። አበባዋን ከጣሳው አዛውሬ አፈር ሞላሁበት፤ ላዩ ላይ ነጫጩን ጠጠር ደረደርኩና ከአልጋዋ ግርጌ አቆምኩት። እናቴ ከትራሷ ቀና ብላ አየችው። ከተኛችበት የሚታያት ቅጠሉና ወርቃማው መስመር ብቻ ነው።

«ሙሽራ አስመሰልሻት። ታቹ ተበስቷል?»

«አዎ።»

«በደንብ?»

«ተበስቷል አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!»

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ከሥራ ደክሞኝ መጥቻለሁ፣ ነገር እንዲያጥር ፈለግሁ። ትንሽ ውሸት ነበረች።

ሥራ ስሄድ ጠርሙሱን፣ የውዱ ማንቆርቆሪያዋንና አንድ ሳፋ አጠገቧ ትቼላት እሄዳለሁ። እናቴ አልጋ ላይ ሆና እንኳ የቀትሩ የዙሁርና የከሰዓቱ የአስር ሶላት አያመልጣትም፤ ለውዱ በማንቆርቆሪያው ፊቷንና እጇን ሳፋው ላይ ትታጠባለች። በሩ ለጠያቂ ክፍት ሆኖ ይውላል።

በሁለተኛው ሳምንት እግሯ አበጠ። በጣቴ ብጫነው ጉድጓዱ ተመልሶ አይሞላም። ከልኩ አላለፍንም፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ዓይኔን በቤቱ ዙሪያ ሳንከራትት ማንቆርቆሪያው ላይ አረፈ። ጠዋት ሞልቼው የሄድኩት ማታ ባዶውን ነው። ሳፋው ውስጥ ያለው ግን ሁለት እፍኝ አይሞላም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ክብደቷ ጨምሮ ተገኘ። ወጣቱ ሐኪም ወደ እኔ ዞሮ፣ «በድብቅ ውሃ ይጠጡ ይሆን?» አለኝ።

«ትጠጣለች፤ የውዱ ውሃዋን» አልኩት።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አየችኝ፤ ሐኪሙ ፊት ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ልጇን ሰው ፊት ውሸታም የምታሰኝ ሴት አይደለችም። ቤት ገብተን አልጋዋ ላይ ሳስተኛት ነው እጄን የያዘችኝ።

«ወላሂ አልጠጣሁም። አበባዬ ናት የጠጣችው። ለመጣው ሰው ሁሉ ከማንቆርቆሪያው አጠጡልኝ እላለሁ። ሲንቆረቆር ስሰማው ጉሮሮዬ የራሰ ይመስለኛል።»

እኛ ቤት ወላሂ አይባልም። ልጅ ሆኜ ከአፌ ካመለጠኝ እናቴ ጆሮዬን ጠምዝዛ፣ «የአላህ ስም ለጨዋታ አይጠራም» ትለኝ ነበር። እሷ ራሷ ስትምል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እና ያን ቀን መሐላዋን ስሰማ ማመን ሲገባኝ፣ በሽታው ምግባሯንም በላው አልኩ በልቤ። የአበባዋን ቅጠሎች አሳየኋት። ዘመም ብለዋል፣ ወዛቸው ጠፍቷል፣ ጫፋቸው ቡናማ ሆኗል። ጠጠሩም ላዩ ድርቅ ያለ ነው።

«የጠጣች አበባ እንዲህ ትጠወልጋለች?» አልኳት። «በውሃ ጥም እየሞተች እኮ ናት!»

እናቴ አበባዋን አየች፣ እኔን አየች። ግራ ገባት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠያቂዎቹን መጠየቅ እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? እናቴ ውሃ እየሰረቀች ነው፣ እናንተ አጠጥታችኋል ወይ ተብሎ እንግዳ ይጠየቃል? አፈርኩ። በሕይወቴ ያጠፋሁት ነገር ሁሉ ቢቆጠር ግማሹ በማፈር ያጠፋሁት ነው።

ማንቆርቆሪያውን ወስጄ ወጥ ቤት ቆለፍኩበት። «የታመመ ሰው በውሃ መታጠብ ካልቻለ ንጹሕ አፈር ነክቶ ፊቱንና እጁን ያብሳል፤ ተየሙም አለልሽ» አልኳት፤ እሷ ያስተማረችኝን ሃይማኖት መልሼ ለእሷ አስተማርኩ። ወደ ግርጌዋ አስጠግቻት የአበባዋን ጠጠር ገለጥ አደረግሁላት። መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈችና አነሳችው።

«ይሄ ለተየሙም አይሆንም፤ ጭቃ ነው» አለችኝ፣ መዳፏን ዘርግታ እያሳየችኝ።

ማንቆርቆሪያው እንዲመለስላት ሰበብ የምትፈልግ መሰለኝ። መዳፏን ሳላይ ወጥቼ ከግቢው ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። የመጨረሻዎቹን ሶላቶቿን የሰገደችው ድንጋይ ዳብሳ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ፤ ከግማሽ በታች። ጠጥታለች ብዬ ያሰብኩትን ከድርሻዋ ላይ ቀነስኩባት። ሐኪሙ አላዘዘኝም። እናቴ መስመሩን አየችው፣ ምን እንደሆነም ገባት፤ አልተከራከረችኝም። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ስትናገር ይጮኻል። እኔ አድናታለሁ ብዬ ነበር። አጥብቄ ከያዝኳት ትድናለች ብዬ በእውነት አምኜ ነበር።

እግሯ አልጎደለም። ዛሬ ሳስበው ውሃው የገዛ ውሃዋ ነበር፤ ኩላሊቷ ከናካቴው አቁሟል። በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እጄን ሳብ አድርጋ፣ «ዛሬስ ትንሽ ጨምሪልኝ» አለችኝ።

«ነገ፣ ኢንሻአላህ» አልኳት።

እሑድ ረፋድ ላይ አረፈች።

ለቅሶ ላይ ከየኮንዶሚኒየሙ ተሰብስበው መጡ፤ ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ሰፈራችን አንድ ላይ የሚሆነው ለቅሶ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ሌላው ሰው ሲሄድ፣ ድሮ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ቤቱን አብረን እናጽዳ ብለው ቀሩ። ክርስቲያን ናቸው፣ ከእናቴ ጋር ግን ከእህት በላይ ይቀራረቡ ነበር። ሊጠርጉ አበባዋን ሊያነሱ ቢሞክሩ አልነቃነቅ አለቻቸው።

«ኧረ ይሄ ምንድነው? እርሳስ ሞልተሽበታል እንዴ?»

ሁለት ሆነን ጎትተን ግቢ አወጣነው። ቅጠሏን ብነካው ከሥሩ ተመዝዞ እጄ ላይ ቀረ፤ ጫፉ በስብሶ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። ዕቃውን በጎኑ አጋደምነው። በመጀመሪያ ጠጠሩ ወረደ። ከዚያ ውሃው መጣ። ጥቁር፣ የሚከረፋ ውሃ ነው፤ ቆመ ስንል ይቀጥላል፣ አለቀ ስንል ይጨምራል። ሲሚንቶው ላይ ሄዶ ሄዶ እግሬ ሥር ደረሰ። ከማንቆርቆሪያው የጎደለው ሁሉ አንድም ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነበር። ጥቁሩን ከነሳህኑ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ሳህኑ ላይ አየው ነበር።

ተቀመጥኩ። እትዬ ያለቀስኩት ለአበባዋ መስሏቸው ትከሻዬን ያሻሹኛል።

«እኛ ነን ያሰመጥናት፤» አሉኝ። «የመጣው ሁሉ አንድ አንድ ብርጭቆ ሲያንቆረቁርላት እንዴት ትተርፍ? እናትሽ ናት አጠጡልኝ የምትለን። እሷ ሳትጠጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ትሰማለች። እኔማ፣ ተዪ በዛ፣ ይበሰብስብሻል ብያት ነበር።»

«ምን አለችዎት?»

ባዶውን ነጭ ዕቃ ደፍተው ድፍኑን ታቹን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ እኔ ቀና ብለው ሳያዩ ነው የመለሱልኝ።

«ግድ የለም፣ ልጄ በስታዋለች አለችኝ።»

የእኔን ቃል ያለ መሐላ ነበር ያመነችው።